ዋስ ያጣ ስም

የሞርን ሴሪን ተራራ ተሻግሮ ወደ ከተማ የወረደ ሰው ሁሉ ዶዶን ያውቀዋል። ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል። ትልቁ መታጠፊያ ላይ፣ ቀርከሃው ከሚያጎነብስበት ቦታ፣ ገጀራውን ይዞ ቦይ ውስጥ ቆሞ ያየዋል። ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፤ አንገቱን በመስኮት ብቅ ያደርግና «ዶዶ፣ ዛሬም አልነቃህም?» ይለዋል። ዶዶ ቀና ሳይል ገጀራውን ብቻ ከፍ ያደርጋል። ተሳፋሪው ይስቃል፤ መኪናው ያልፋል። ዶዶ በእኛ ክሬዮል ሕፃን ሲያስተኙ የሚባል ቃል ነው፣ እንቅልፍ እንደማለት፤ ቀልዱ ይኸው ነው። ያው ቀልድ፣ በየቀኑ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ። እሱ በዕድሜው ከሰው ጋር ያወራው ወሬ ተሰብስቦ ቢመዘን ከዚህ ቀልድ ብዙም አይበልጥም።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ብቸኛ አይሆንም የሚል ካለ ይህን መንገድ አያውቀውም። የመንገድ ሠራተኛ የራሱ ክፍል አለው፣ የሚጠብቀው የመንገድ ቁራጭ። የዶዶ ክፍል ከላይኛው ድልድይ ተነሥቶ እስከ ባልቴቷ እስከ ማ ዛቤት አጥር ይወርዳል፤ ማ በእኛ እማማ እንደማለት ነው። ሣሩን ይመነጥራል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ያነሣል፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው አስፋልቱን ትቶ ቦዩን እንዲይዝ ያደርጋል። ብቻውን። ምሳው የተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ በጨው ዓሣ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዙሮ። ቤቱ ከመታጠፊያው ትንሽ ዝቅ ብላ ናት። በሯን አልፎ የገባ የመጀመሪያው እንግዳ እኔ ሳልሆን አልቀርም፤ ወንበሯ አንድ ናት። የመንገዱን ሥራ ማንም አያየውም። የሚታየው ያልተሠራ ቀን ነው፤ ያን ቀን ደግሞ ሁሉም መሐንዲስ ይሆናል።

አሁን ስለ ስም ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በስም ነውና። በእኛ ደሴት ሰው ሁለት ስም አለው። አንደኛው ቄሱ ሲያጠምቁ የሚሰጡት የክርስትና ስም ነው። ሁለተኛው የሜዳ ስም ነው፤ ሰፈር የሚጠራህ፣ እናትህ የምትቆጣህ፣ ሚስትህ የምትሰድብህ በሱ ነው። የክርስትናውን የድሮ ሰዎች ይደብቁታል። በማታውቀው ድምፅ በእውነተኛ ስምህ ከተጠራህና «አቤት» ካልክ ነፍስህን አስረክበሃል ይላሉ። ስለዚህ ልጁ ስሙን ሳይሰማ ያድጋል። አንዳንዱ የሚሰማው ትምህርት ቤት ሲገባ ነው፤ አንዳንዱ ሲያገባ፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይሰማውም፣ በቀብሩ ላይ ሌሎች ይሰሙለታል፣ «ማን ነው ደግሞ ይኼ የሞተው?» እየተባባሉ።

ዶዶን ያሳደገችው አያቱ ናት፣ በደሴቱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ዛሬ ሰው በማይኖርበት የባሕር ዳር መንደር። ሲወለድ አላለቀሰም፤ ተኝቶ መጣ፤ ዶዶ ተባለ። የክርስትና ስሙ ኤቫሪስት መሆኑን አያቱ የነገረችው አንድ ጊዜ ነው፣ ልትሞት ስትል፣ በጆሮው። ከዚያ አውሎ ነፋስ መንደሩን ጠራረገው፤ የተረፈው ሰው ወደ ጓዴሉፕና ከዚያም ወዲያ ተበተነ። ዶዶ ጎረምሳ ሆኖ ወደ እኛ ተራራ መጣ። የመንገድ ኮንትራክተሩ ፎርማን ከጂፑ ሳይወርድ ጠየቀው።

«ስምህ?»

«ዶዶ።»

«የአባትህ?»

«ላሮንድ።»

«ገጀራ አለህ?»

«አለኝ።»

«ነገ ና።»

ዶዶ ላሮንድ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደሞዙ የጡረታና የጉዳት መዋጮ ሲቆረጥ የኖረው በዚህ ስም ነው። የልደት ወረቀት አምጣ ያለው የለም። ካንተ ሲወስዱ ስምህን አያጣሩም። የሚያጣሩት ልትወስድ ስትመጣ ነው።

በአንዱ የዝናብ ወቅት ከገደሉ አናት ድንጋይ ተንከባሎ የግራ ቁርጭምጭሚቱን አደቀቀው። ሐኪሞቹ እግሩን አተረፉለት፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልታጠፍም አለ። ቦይ መውረድ የማይችል የመንገድ ሠራተኛ ምን ይሠራል? የአካል ጉዳት አበል ጠይቅ ተባለ። እኔ ከተራራው ግርጌ ጎማ እጠግናለሁ፤ ሕግ የማነበው ማጣበቂያው እስኪደርቅ ነው፤ ያም ሆኖ ከሌላው ሰፈርተኛ ይልቅ አነባለሁና አብሬው ሄድኩ። መዋጮውን የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ክፉ አልነበረችም። ኮምፒውተሯን አየች፣ የልደት ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ኮምፒውተሯን አየች።

«ዶዶ ላሮንድ የሚባል ሰው መዋጮ ከፍሏል» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ኤቫሪስት ነዎት። ወረቀትዎ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«እሱም እኔ ነኝ።»

«ሁለቱንም መሆን አይችሉም፣ ሚስተር ላሮንድ።»

ከኋላችን የተሰለፈ ሰውዬ «አንዱ ይቀመጥና አንዱ ይሰለፍ እንግዲህ፣ እግራችን አለቀ» አለ። ሰልፉ ሳቀ። ዶዶ ዞር ብሎ ይቅርታ ጠየቀው።

መልሱ በደብዳቤ መጣ። በኤቫሪስት ላሮንድ ስም የተከፈለ መዋጮ ስላልተገኘ ጥያቄው ውድቅ ሆኗል። ቅሬታ ሰሚ ጉባኤ ፊት ቀረብን። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከፊታቸው ውሃ አለ። ኤቫሪስት ሲባል የሚያውቀው ሰው ካለ ይምጣ አሉ። «አያቴ» አለ ዶዶ። የት ናት? ሞታለች። ሌላስ? ክርስትና ያነሣችኝ ሴትዮ። እሷስ? ሞታለች። ፎርማኑስ? እሱም ሞቷል፣ ድርጅቱም ፈርሷል። ሰብሳቢው ብዕሩን ከደነ። «ሚስተር ላሮንድ፣ የሚያውቅዎት ሰው ሁሉ ሞቷል ማለት ነው?» አለው። ለማሾፍ አልነበረም የጠየቀው። ዶዶ ግን ያን ጥያቄ ተሸክሞት ወጣ።

ይግባኙን ጻፍኩለት፤ ፍርድ ቤቱ ተቀበለ። ብዙም ሳይቆይ የመሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ማመልከቻ አስገባ። ይግባኝ ባዩ ድሃ ነው ይላል፤ ቢሸነፍ ወጪና ኪሣራችንን የሚተካበት ንብረት የለውም፤ ስለዚህ ይግባኙ ከመሰማቱ በፊት ዋስትና ያቅርብልን። ይህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውየው ይግባኝ ያለው ስለሌለው ነው። ስለሌለው ደግሞ ይግባኝ ማለት አይችልም። ቢኖረው ይችል ነበር፤ ቢኖረው ግን ለምን ደጃቸውን ይረግጣል? ይህን ክብ የሠራው ሰው ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከራሱ አያፈልቅም። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ስሙ የማኅበራዊ ዋስትና ነው። ዋስትና ሊሰጥህ የተቋቋመ ቤት በሩ ላይ ቆሞ፣ መጀመሪያ አንተ ዋስ አምጣ ይልሃል።

ፍርድ ቤቱ አዘዘ። ወይ ገንዘብ ያስይዝ፣ ወይ በስሙ የተመዘገበ መሬት ያለው ሰው ዋስ ሆኖ ይፈርምለት፤ በወር ውስጥ ካልቀረበ ይግባኙ ይዘጋል። ገንዘቡን እርሱት። የቀረው ሰው ነው። አንድ ሰው።

«ማን አለህ?» አልኩት።

ብዙ አሰበ። «በመኪና ነው በእግር?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«በመኪና የሚያልፉ ብዙ አሉኝ።»

እኔ እንዳልፈርምለት የጎማ ቤቴ የቆመበት መሬት እንኳ የኪራይ ነው። ከሚኒባሱ ሹፌር ከጂጂ ጀመርን። ከሁሉም በላይ ጥሩምባ የሚነፋለት እሱ ነው።

«መሬት? እኔ?» አለ ጂጂ። «መኪናዋም የባንክ ናት፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚስቴ ነኝ። ባንኩ ይፈርምልህ ዶዶ።» ከዚያ የዶዶን ፊት አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቢኖረኝማ ኖሮ፣ አንተ ሰውዬ…»

ቀጥለን ወደ ባለሱቁ ሚስተር ኤልፎርድ ሄድን። ሦስት ቦታ መሬት አለው።

«ለዶዶ? ለዶዶ ነፍሴን እፈርማለሁ» አለና መነጽሩን አደረገ። ወረቀቱን አነበበ። «ይኼ ኤቫሪስት ማን ነው?»

«ዶዶ ነው» አልኩት።

«ማን አለ?»

«እሱ አለ።»

«ያ ነው እኮ የተካደው! ጉባኤው ያላመነውን እኔ ልመን?» ወረቀቱን በሁለት ጣት ይዞ መለሰልኝ። «እኔ የማውቀው ዶዶን ነው። ዶዶ ይምጣና ልፈርምለት። ለማላውቀው ሰው ግን መሬቴን አላስይዝም።»

ዶዶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሱቁን ደረጃ ጭቃ እንዳያስነካ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ሚስተር ኤልፎርድ ስንወጣ ከረሜላ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ የዞርንበትን ቤት ሁሉ አልቆጥርላችሁም። ሁሉም ዶዶን ይወዳል። ሁሉም ሻይ አቅርቧል። አንዳቸውም ኤቫሪስትን አያውቁትም። ወሩ ሊያልቅ ሲል ዶዶ መሄድ አቆመ፤ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ ገጀራውን ይስላል፣ የማይሠራበትን ገጀራ።

አንድ ቀን ጠዋት ማ ዛቤት ጎማ ቤቴ መጡ። የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ ጃንጥላ ይዘዋል፤ ቀኑ ግን ማክሰኞ ነው። ማ ዛቤት ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከመንገዱ በታች ባለችው ቁራጭ መሬት ጎደሬ ይተክላሉ።

«የዶዶ ወረቀት አንተ ዘንድ ነው አሉ።»

«አዎ፣ ማ ዛቤት።»

«አምጣው። የት ጋ ነው የሚፈረም?»

«ማ ዛቤት፣ ቢሸነፍ እኮ መሬትዎን ሊይዙት ይችላሉ።»

«የቱን መሬት?» አሉ። «የመንገዱ ውሃ ድሮ ጠርጎ ባሕር ይከተው የነበረውን? የሱ ክፍል አጥሬ ጋ ያበቃል፤ ታውቃለህ። ውሃው ግን እዚያ አያበቃም። ያ ሰው ማንም ሳያዘው፣ ከክፍሉ አልፎ፣ ጎደሬዬን የምታድን ቦይ ቆፈረልኝ። በየዓመቱ ይጠርጋታል። አንድ ቀን አመስግኜው አላውቅም።»

«ለምን?»

«ምን ብዬ? ጥሩምባ የለኝ!»

ሦስታችንም በጂጂ መኪና ወደ ከተማ ወረድን። መዝገብ ቤቱ ጢም ብሏል። ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጮኸ።

«ፊሎሜን ኢግናሺያ ቱሳን!»

ማንም አልተነሣም።

«ፊሎሜን ቱሳን!»

ማ ዛቤት ወደ በሩ ዞረው ተመለከቱ። «ሴትየዋ ምን ነካት? ወረፋ ይዛ መጥፋት ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ።

በክርኔ ነካ አደረግኳቸው። «እርስዎ እኮ ነዎት፣ ማ ዛቤት።»

«እኔ?» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ። «አዎ። እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጄ፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ የጠራኝ የለም!»

መዝገብ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ዶዶም ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ የፊት ጥርሶቹ መሀል ክፍተት እንዳለ አላውቅም ነበር። ማ ዛቤት ፈረሙ፤ ዋስትናው ተመዘገበ፤ ይግባኙ ተረፈ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ማ ዛቤትን የክርስትና ስማቸው ሲያልፋቸው ያዳናቸው ሕግ አይደለም። የጎረቤት ክርን ነው።

ስንመለስ ማ ዛቤት ከጎናቸው ያለውን ወንበር መታ መታ አድርገው «ና እዚህ» አሉት። «ጭቃ ነኝ» አለ ዶዶ። ንጹሕ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። ከኋላ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ጂጂ በልማዱ ጥሩምባውን ነፋ። ቦዩ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከኋላ ጥግ ዶዶ እጁን ከፍ አደረገ።

ቀጠሮው ወደ ዝናቡ ወቅት ተሰጠ። ዶዶ ከተጎዳ ወዲህ በክፍሉ ሌላ ሰው አልተቀጠረም። አዲሱ ኮንትራክተር በዓል ሲደርስ ትራክተር ይልካል፤ ትራክተሩ ሣሩን ያጭድና ቦዩ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። ዶዶ ከበሩ ሆኖ ያየዋል። አንድ ቀን «ቦዩ ታንቋል» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ «ተራራው ውሃ እየጠጣ ነው» አለኝ። ለማን ልናገር? ስልክ ደወልኩ፤ ማመልከቻ ጻፍ አሉኝ። ጻፍኩ።

ከቀጠሮው ዋዜማ ጀምሮ ዘነበ። ጠዋት ሦስታችን መኪና ማቆሚያው ላይ ተገናኘን። ጂጂ ሞተሩን አጥፍቶ መሪው ላይ ተደግፏል።

«መንገድ የለም» አለ። «መታጠፊያው ላይ ተራራው ወርዷል፤ ቀርከሃው እንዳለ።»

ስልኩ አይሠራም፤ መስመሩ ከቀርከሃው ጋር ሄዷል። በእግር ወጥተን ናዳው ጋ ደረስን። ጭቃው የቤት ያህል ቆሟል፣ ገና ይንቀሳቀሳል። ልሻገር ሞከርኩ፤ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ። ዶዶ ኮሌታዬን ይዞ ጎተተኝ።

«አንተ አታውቀውም» አለ። «ከሥሩ የድጋፍ ግንብ አለ። ግንቡን ይዤ እሄዳለሁ።»

«በዚያ እግርህ?»

«እግሬ ያውቀዋል። እሳቸውን ይዘህ ተመለስ።»

ማ ዛቤት የዳቦና የአይብ ቋጠሮ አንገቱ ላይ አሰሩለት። ሄደ። በበትሩ እየወጋ፣ ከጭቃው በታች ያለውን የራሱን መንገድ እየዳበሰ። ወዲያ ማዶ ሲወጣ አልዞረም፤ በትሩን ብቻ ከፍ አደረገ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰማሁት ከራሱና ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ኮኮናት ከምትሸጠው ሴት ነው። ሙዝ የጫነ መኪና ቁልቁል ወሰደው። በሰዓቱ ደረሰ። እስከ ጭኑ ጭቃ ስለነበር ችሎት ውስጥ ለመግባት አፈረ፤ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። እንዲያ ሆኖ ሲያዩት ሰዎች ከአግዳሚው ተነሡ። ብቻውን ቀረ።

የችሎቱ ፖሊስ ወጣ። የከተማ ልጅ ነው፤ ስማችንን፣ ወረቀት ላይ ያለውን የመሀል ስም ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ አፍ ነው የሚያኝከው። «ኤቨሪስት ሃያሲንዝ ላራውንድ!» ብሎ ጮኸ። ዶዶ እንደ ሌላው ሰው ወዲያ ወዲህ ተመለከተ። «ኤቨሪስት ሃያሲንዝ ላራውንድ!» ኮኮናት ሻጯም ወደ መንገዱ አየች። ሦስተኛው ጥሪ እንደ ሁለቱ ሆነ። ፖሊሱ ገባ፤ በሩ ተዘጋ።

ዶዶ ጠበቀ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ። በመጨረሻ ፖሊሱ ሊቆልፍ ሲመጣ ተነሣ።

«ዶዶን መቼ ነው የምትጠሩት፣ ጌታዬ?»

«ማንን?»

«ዶዶን።»

«የዶዶ መዝገብ የለንም፣ አባት። ሂድና ታጠብ!»

ተመልሶ ናዳውን ተሻገረ። በማ ዛቤት በረንዳ ላይ ካካዎ አፍልተን ስንጠብቅ ጀምበር ስትጠልቅ ደረሰ። የዳቦው ቋጠሮ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው፤ አልፈታውም።

«እህስ? ምን አሉ?» አልኩት።

«አልጠሩኝም።»

«ምን ማለት ነው አልጠሩኝም? ቀኑ ዛሬ ነው እኮ!»

«አንድ ሌላ ሰውዬ ነው የጠሩት። ሦስቴ ጠሩት። አልመጣም።» ደረጃው ላይ ተቀመጠና እግሩን በእጁ አንሥቶ አስተካከለው። «መንገዱ ይዞት ይሆናል ብዬ አዘንኩለት።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ማ ዛቤት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣሉ፣ ዝም በል ለማለት።

«ስሙ ማን ነበር፣ ዶዶ?» አሉት ቀስ ብለው።

ሊያስታውስ ሞከረ። ፖሊሱ እንዳለው ሊለው አፉን አሾለ። «ኤቨ…» አለ። «ኤቨሪ…» አለና መሀል ላይ ቆመ። ካካዎው እጁ ላይ ቀዘቀዘ።  ሲመሽ ተነሥቶ ወደ ቤቱ ወጣ፤ ልሸኝህ ስለው ራሱን በእምቢታ ነቀነቀ።

ደብዳቤው ዘግይቶ ደረሰ። ይግባኝ ባዩ ተጠርቶ ስላልቀረበ መዝገቡ ተዘግቷል፤ የመልስ ሰጪው ወጪና ኪሣራ ከዋሷ ከፊሎሜን ቱሳን ይጠየቅ። እንዲህ ነው የተጻፈው፦ አልቀረበም። ተራራውን በአንድ እግሩ ያቋረጠው ሰው አልቀረበም። የእነሱ ጠበቃ አስፋልት ላይ በመኪና መጥቶ ቀረበ። አንድ ሰው፣ አንድ የተማረ ሰው፣ ከዚያ በር ብቅ ብሎ አግዳሚው ላይ ብቻውን የተቀመጠውን ጭቃ የለበሰ ሽማግሌ «አንተ ማን ነህ? ምን ፈልገህ መጣህ?» ቢለው ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ስም ለመጥራት ደሞዝ የሚከፈለው አለ። ሰው ለመጠየቅ ደሞዝ የሚከፈለው የለም።

በበቂ ምክንያት የተዘጋ መዝገብ ይከፈታል የሚል አንቀጽ አግኝቼ ጽፌያለሁ። የናዳውን ነገር ጽፌያለሁ፤ የቦዩን ነገር ጽፌያለሁ፤ በማመልከቻ ላይ የማይጻፍም ጽፌያለሁ። ጠበቃው ፈጥኖ መልሷል። መዝገቡ የሚከፈት ከሆነ አዲስ ዋስትና ይቅረብልን፤ የፊተኛው መሬት ለፊተኛው ወጪ ተይዟል። እንግዲህ እንደገና እየዞርኩ ነው። ሚስተር ኤልፎርድ ላስብበት ብሏል። ማ ዛቤት ስለ መሬታቸው አንድም ቀን አላነሡም። ዶዶ ግን በረንዳቸው ላይ መቀመጥ ትቷል፤ ዕዳ ውስጥ የገባ ሰው እግር ከበራፍ ይሸሻል። ብቻ በየቀኑ በበትር እየተደገፈ ወርዶ፣ በቂጡ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ይገባና የጎደሬዋን ቦይ ይጠርጋል። ሰላምታ የለም። ቀና ማለት የለም።

«መዝገቡ ቢከፈትም እኮ» አሉኝ ማ ዛቤት አንድ ቀን፣ «ይኼ ሰው አቤት ማለት አይችልም።»

«እኔ አብሬው እሆናለሁ።»

«መንገዱ ደግሞ ቢቆረጥስ? አንተ ብትታመምስ?» ወደ በረንዳው ጫፍ ሄደው የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። ጠንከር ባለ ድምፅ፣ ልክ እንደ ፖሊሱ፣ ወደ ቦዩ ጮኹ።

«ኤቫሪስት ላሮንድ!»

ዶዶ አካፋውን አላቆመም። በመንገዱ የሚያልፉ ተማሪዎች ተሳሳቁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከበረንዳቸው ይጠሩታል። ሦስት ጊዜ፣ እንደ ሕጉ። እሱ ለምን እንደሚጠሩት ያውቃል፤ ነግረነዋል። ቢሆንም ጆሮ የራሱ ልማድ አለው። አንዳንድ ቀን ሦስቱም ያልፉታል። ትናንት በሁለተኛው ጥሪ ቀና አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ባዶ መንገድ ተመለከተ፣ የተጠራው ሰው መጥቶ እንደሆነ ሊያይ።